ከጸደይ ቀድሞ መነሳት



እዚህ ቆሜ እንድናገር የተጠየቅኩበትን ምክንያት አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውን ከሚራመዱት ልጆች አራቱ በመጪው የካቲት 18፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 25፣ የአፓላቺያን ትሬልን ከጫፉ ሊጀምሩ ወስነዋል። ወላጆቻቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ካለፈው እሑድ ጀምሮ አንዳንዶቻችሁ «እባክሽ አስተዪልን» ብላችሁኛል፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ «ከቆረጡስ የምታውቂውን ንገሪልን»። አላስተዋቸውም። የማውቀውን ግን ሳልሰስት እነግራቸዋለሁ፤ እናንተም አብራችሁ ስሙ።

መንገዱን ለማታውቁት በአጭሩ ልናገር። ከዚህ ከአትላንታ በስተሰሜን፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ሄደን ከምናገኘው ከስፕሪንገር ተራራ ይነሳል። 14 ግዛቶችን አቋርጦ ሜይን ውስጥ ካታዲን ተራራ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐሳቡን በ1921 ያቀረበው ቤንተን ማካይ የሚባል የደን ባለሙያ ነው፤ በ1937 መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ። የሚመራችሁ ዛፍ ላይ የተቀባ፣ ቁመቱ ስንዝር የማይሞላ ነጭ ምልክት ነው። እኔ ከስፕሪንገር ተነስቼ ሃርፐርስ ፌሪ የምትባል ከተማ ድረስ፣ 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጃለሁ። ካታዲንን አላየሁትም፤ ስለዚህ ስለ ካታዲን አልናገርም። የምናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ሰው የሚሰበረውም በእነሱ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። «ክረምት» ስንል እኛ የምናስበው ሐምሌና ነሐሴን ነው፤ ጭቃውን፣ የሞላውን ወንዝ፣ ጭስ የሚተናነቀውን ማጀት። እዚህ መጥተን ዊንተርንም ክረምት አልነው፤ ቃሉም የውርጭና የበረዶ ስም ሆነ። አንድ ቃል ሁለት ወቅት ተሸከመ ማለት ነው። በሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ላይ ግን የካቲት ውስጥ ሁለቱም ክረምቶች በአንድ ቀን ይመጣሉ። ዝናቡም ይዘንባል፣ ብርዱም አለ። እነዚህ ተራሮች በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ከዚያ ዝናብ ጥቂት የማይባለው የሚወርደው ቅጠል በሌለበት፣ ፀሐይም አቅም ባጣችበት በዚህ ወቅት ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። «ብርድማ አውቃለሁ» ብዬ ነበር የተነሳሁት። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ደረቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ወጥታ ጀርባህን ታሞቅልሃለች፤ ውርጩም ሣሩ ላይ እንዳደረ ይጠፋል። የስፕሪንገር ብርድ እንዲህ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ አለማየት አለ። ሦስት ዲግሪ ላይ የሚወርድ ካፊያ አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከዜሮ በታች ወርዶ በረዶ ቢጥል ይሻላል፤ በረዶ ከልብስ ላይ ይራገፋል፤ ካፊያ ግን ይገባል።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ነበረኝ። ከአገር ስወጣ ትከሻዬ ላይ የነበረው እሱ ነው። ወደ ተራራው ስሄድ እሱን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከላይ አጥፌ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ከንጋት ጀምሮ አካፋ። ቦርሳውን በፕላስቲክ ሸፍኜ ነበር፤ ውኃው ግን ጀርባዬን ተከትሎ ወርዶ ገባ። ማታ ሦስት ግድግዳ ብቻ ካለው የእንጨት መጠለያ ስደርስ ጋቢውን አወጣሁት። እስከ መጨረሻው እጥፍ ርሷል። ልጨምቀው ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ጥለቱን እንኳ አጥብቀው መያዝ አቃታቸው። ሳልጨምቀው ውኃው በጥለቱ ጠርዝ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አረጠበው። እዚያ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ። አሁንም ነገርኳቸው። ለካ አንደበቴ ተሳስሮ ኖሮ ቃሉ አይሰማም፤ ለኔ ግን በትክክል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ርጥቡን ልብስ እንዳወልቅ አድርገው የራሳቸውን ደረቅ የሱፍ ሹራብ ሰጡኝ። ውኃ አፍልተው ስኳር በዛ አድርገው አጠጡኝ። ሌሊቱን እየቀሰቀሱ ያናግሩኝ ነበር። ጠዋት ወደ መንገዱ ወርደን ወደ ቤቴ ደወልኩ።

ስለዚህ ልጆች፣ ምልክቶቹን እንደ ጸሎት በቃላችሁ ያዙ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፤ የቦርሳውን መቆለፊያ መክፈት ያቅተዋል። ይደናቀፋል። ንግግሩ ይጎተታል። ደግሞም ይቆጣል፣ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ተሻለው እንዳትሉ፤ ባሰበት ማለት ነው። የታመመው ሰው ራሱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጓደኛው ነው። አራት ሆናችሁ መሄዳችሁን የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጋቢ የሚያሞቀን በክሮቹ መካከል በያዘው አየር ነው። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ አየሩ ይወጣል፤ ቦታውን ውኃ ይይዘዋል፤ ውኃው ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ይስባል። የበግ ጠጉር እንዲህ አይደለም። ርሶም ቢሆን ከአየሩ የተወሰነውን ይዞ ይቆያል። ይህን እኛ አገር የሚያውቁ ነበሩ። የመንዝ ሰው ባና የሚደርበው፣ አባቶቻችን ለብርድ መንገድ በርኖስ የሚለብሱት በከንቱ አልነበረም። እኔ የደጋ ልጅ ሆኜ ይህን ጆርጂያ ተራራ ላይ መማሬ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የእናቴ ጋቢ አሁን አልጋዬ ላይ ነው፤ ለእሱም ትክክለኛው ቦታ እዚያ ነው።

ሰውነታችሁን የሚነካ የጥጥ ልብስ አትያዙ። ካልሲውም፣ የውስጥ ልብሱም፣ ሹራቡም ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። አንድ ሙሉ ቅያሪ ደግሞ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። ጠዋት ያንን ደረቅ ልብስ አውልቆ የትናንቱን ርጥብ መልበስ እንባ ያመጣል፤ አውቀዋለሁ። ግን ልበሱት። ስትራመዱ ይሞቃል። ደረቁን ለብሳችሁ ብትወጡና ቢርስ ማታ የምትለብሱት አይኖራችሁም።

አሁን ወደ ጸደይ ልምጣ። በየካቲት መጨረሻ እዚህ አትላንታ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ነጭና ሐምራዊ አበባ ያወጣሉ። ሰው ሹራቡን ይጥላል። ያን አበባ አይታችሁ ተራራውም እንዲሁ ይመስላችኋል። አንድሪው ሆፕኪንስ የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ተወላጅ የነፍሳት ተመራማሪ በ1918 ያወጣው ስሌት አለ። ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በሄድክ ቁጥር ጸደይ አራት ቀን ይዘገያል። ወደ ላይ 122 ሜትር በወጣህ ቁጥርም እንዲሁ አራት ቀን። እንግዲህ እናስላው። አትላንታ ከባሕር ወለል በላይ 320 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ስፕሪንገር 1,153። ልዩነቱ ብቻ 27 ቀን ነው። ሰሜንነቱን ስትጨምሩበት አንድ ወር ይሞላል። ስለዚህ ከቤታችሁ ደጃፍ አበባ አይታችሁ ተነስታችሁ፣ ሁለት ሰዓት ነድታችሁ፣ አንድ ወር ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ።

ይህ ብቻ አይደለም። መንገዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሰሜን ሲሄድ ከፍ እያለ ነው የሚሄደው። የመንገዱ ሁሉ ከፍተኛ ቦታ ኩዎሂ ነው፤ እስከ 2024 ድረስ ክሊንግማንስ ዶም ይባል ነበር፤ በዚያ ዓመት የአገሬው ነባር ሕዝብ የቸሮኪዎቹ ስም ተመለሰለት። ከፍታው 2,025 ሜትር፣ ከስፕሪንገር ያለው ርቀት 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ መጋቢት 10 ገደማ እዚያ ናችሁ። በሆፕኪንስ ስሌት ግን የአትላንታ ጸደይ ኩዎሂ ላይ የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእግራችሁ ሄዳችሁ ወደ ጸደይ አትቀርቡም፤ ወደ ክረምቱ ልብ ነው የምትገቡት። ይህ ነው ብዙ ሰው የማይገባው። «ወጥቼ ጥቂት ቀን ብታገሥ ይሞቃል» ይላል። አይሞቅም። በማርች 1993 አጋማሽ በወረደው ታላቅ ወጀብ፣ ኩዎሂ ባለበት በስሞኪ ተራሮች፣ ማውንት ለኮንት ላይ 142 ሴንቲ ሜትር በረዶ ጥሏል። የሰው ደረት ድረስ ማለት ነው። መጋቢት ውስጥ።

ታዲያ ለምን በዚህ ጊዜ ይነሳሉ? ወላጆች ይህን መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው። ካታዲን ላይ በኦክቶበር አጋማሽ ገደማ ክረምት ይገባል፤ መንገደኛ እስከ ኦክቶበር 15 ካልደረሰ ተራራውን መውጣቱ አስተማማኝ አይደለም። ኤፕሪል 1 የተነሳ ሰው 197 ቀን አለው፤ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳያርፍ፣ 18 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ፌብሩዋሪ 25 የተነሳ 232 ቀን አለው፤ 15 ይበቃዋል። ሦስት ኪሎ ሜትር ሲሰሙት ትንሽ ናት። ቦርሳ ተሸክሞ አቀበትና ቁልቁለት ለሚሄድ ጉልበት ግን ልዩነቷ ብዙ ነው። በእነዚያ 35 ቀናት አንድ ሰው ታሞ ይተኛል፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ያሳርፋል፣ ወጀብ ሲመጣ ወደ ከተማ ወርዶ ይጠብቃል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ። ቀድሞ የተነሳ ሰው የገዛው ጊዜን ነው፤ ዋጋውንም በብርድ ከፍሏል። የገዛውን ጊዜ ለመጠበቅ ካልተጠቀመበት ብርዱን በከንቱ ተቀበለ። የካቲት ላይ ተነስቶ «ቀኔ አይለፍ» ብሎ ወጀብ ውስጥ የሚገባ ሰው ሐሳቡ አይገባኝም።

ስለ ሌሊቱ። በዚያ ወቅት ቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው፤ ጨለማው ረጅም ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገብታችሁ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ትተኛላችሁ። አብሯችሁ የሚተኛ ዕቃ አለ፦ የውኃ ማጣሪያው፣ ስልኩ፣ የምድጃው ጋዝ። ማጣሪያው ውስጡ ያለው ውኃ ከረጋ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከውጭ ደህና ይመስላል እንጂ ከዚያ በኋላ አያጣራም። የውኃ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፤ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ በኩል ያለው ሳይረጋ ያድራል። የርጥብ ጫማችሁን ማሰሪያ ከመተኛታችሁ በፊት እስከ ታች አላልታችሁ አፉን ክፈቱት። ጠዋት በውርጭ ጠንክሮ እንደ እንጨት ይሆናል፤ ካልተከፈተ እግር አይገባበትም።

ጠዋት ከድንኳን ስትወጡ ቴርሞሜትር ሳትፈልጉ ብርዱን የምትለኩበት ነገር ላሳያችሁ። በእነዚያ ሸለቆዎች ሮዶዴንድረን የሚባል ቁጥቋጦ ሞልቷል። ቅጠሉ ወፍራም፣ ረዘም ያለ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ነው። ቀዝቀዝ ሲል ቅጠሉ እንደ ተኛ ጆሮ ወደ ታች ይወርዳል። ውርጩ ሲበረታ ደግሞ በርዝመቱ ይጠቀለላል፤ ከዜሮ በታች ሰባት ስምንት ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከእርሳስ ብዙም ሳይወፍር ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። ከቤት ወደ መንገዱ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጠዋት አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ፀሐይዋ ሸንተረሩን አልፋ ስትነካው ከሁሉ በላይ ያለው ቅጠል ቀስ ብሎ መከፈት ጀመረ፤ ጠርዙ ላይ የነበረው ውርጭ ቀልጦ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ሆነ። ጥላ ውስጥ ያሉት እንደተጠቀለሉ ናቸው። እጄን ሻይ ኩባያው ላይ አድርጌ ጠብታዋ እስክትወድቅ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሃርፐርስ ፌሪ ድረስ ጠዋት ጠዋት ቅጠል ሳላይ ወጥቼ አላውቅም።

ስለ ስንቅ ብዙ አልልም፤ በዚህ እናቶቻችን ከማንም ይበልጣሉ። ውድ የታሸገ ምግብ አትግዙ። በሶ ያዙ፣ ቆሎ ያዙ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። በቅቤ የታሸ ጭኮ ለብርድ መንገድ የሚተካከለው አላገኘሁም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ቅቤው ሌሊት ሰውነት ያሞቃል። ዐቢይ ጾም ግን በዚሁ ሰሞን ይገባል። በቀን ከ4,000 ካሎሪ በላይ እያቃጠሉ መጾም ቀላል አይደለም። የምትጾሙ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ለመንገደኛ የሚሉት አላቸው፤ ይህን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ሙስሊም ልጃችንም ስለ ረመዳን ሼኩን ጠይቆ መልስ ይዞ መጥቷል። ዐቢይ ጾሙን እጾማለሁ ለሚል በዘይት የታሸ በሶና የኦቾሎኒ ቅቤ አለ።

ስለ ድብ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ምግባችሁን በድብ መከላከያ ዕቃ አድርጋችሁ ከድንኳን አርቁ፤ ከድብ ጋር በዚህ ትስማማላችሁ። ስለ ሰው ደግሞ፣ ጥቁር ልጅ ጫካ ውስጥ ምን ያገኘዋል ብላችሁ የፈራችሁ አላችሁ። ፍርሃታችሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ እኔም ይዤው ነው የወጣሁት። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን የማስበው እኚያን አዛውንትና ሹራባቸውን ነው። በየማታው የት እንደምታድሩ ለቤት መልእክት ላኩ፣ ተነጣጥላችሁ አትደሩ።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ጥያቄ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። ዛሬ እዚህ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። «እኔ ሱዳን የገባሁት በእግሬ ነው፤ ልጄ መኪና እያለው ለምን በእግሩ ይሄዳል?» አሉኝ። ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። እማማ፣ መልስ የሚሆን ቃል ባይኖረኝም አንድ ሰው ልንገርዎ። ይህን መንገድ በአንድ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሄደ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበለት ሰው ኧርል ሼፈር ይባላል። ወታደር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አብሮት ተራራ ይወጣ የነበረ ጓደኛው ኢዎ ጂማ ላይ ሞቶበታል። በኤፕሪል 1948 ተነሳ፤ በ124 ቀን ሜይን ደረሰ። ለምን ሄድክ ሲሉት ጦርነቱን ከውስጡ በእግሩ ለማውጣት እንደሆነ ተናግሯል። እርስዎ የሄዱት መንገድ አሳዳጅ የነበረበት፣ ውኃ የጠፋበት ነው። ልጅዎ ያንን መንገድ በሆድዎ ሆኖ፣ ኋላም በወሬዎ ሰምቶት አድጓል። ማንም በማያሳድደው መንገድ፣ ስንቁን ይዞ፣ ማደሪያውን መርጦ መሄድ ቢያምረው ያስቀየመዎት አይመስለኝም። ካልተዋጠልዎ ግን አልከራከርዎትም፤ በእግሩ የሄደ ያውቃል።

ልጆች፣ አሁን ስለ መመለስ ነው የምናገረው። ኤማ ጌትዉድ የሚባሉ የ11 ልጆች እናት በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ በሸራ ጫማ ይህን መንገድ ብቻቸውን ጨርሰዋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። በ1954 ከካታዲን በኩል ጀምረው፣ መንገድ ጠፍቷቸው ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሳው። ሁለተኛ የተነሱት በሜይ መጀመሪያ፣ ከጆርጂያ ነው፤ ወቅቱንም አቅጣጫውንም ቀይረው። እኔም ከቤቴ ዘጠኝ ቀን ቆይቼ፣ ጥጡን ሁሉ አውጥቼ፣ ካቆምኩበት ጀመርኩ። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከጉዞዬ አይቀነሱም።

ከስፕሪንገር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኒል ጋፕ የሚባል ቦታ አለ። ከብለድ ማውንቴን ቁልቁል ስትወርዱ አስፋልት መንገድ ታገኛላችሁ፤ ማዶ በ1930ዎቹ የተሠራ የድንጋይ ቤት አለ፤ ዱካው በቤቱ መካከል ያልፋል። በደጃፉ በነበረ ትልቅ ዛፍ ላይ መንገደኞች የጣሉት አሮጌ ጫማ ይንጠለጠል ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ያቆማል።

የካቲት 18 ጠዋት ወደ ስፕሪንገር መውጫው እስከሚጀምርበት እስከ አሚካሎላ ፏፏቴ ድረስ በመኪናዬ እኔ አደርሳችኋለሁ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአምስተኛውም ቀን ሙሉ፣ ኒል ጋፕ ላይ መኪናዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ዝናብ ቢሆንም እመጣለሁ። መመለስ የፈለገ ካለ ቦርሳውን ከኋላ ይጭናል፤ ለምን ብዬ አልጠይቀውም፣ በመንገድም አላነሳበትም። መቀጠል ለሚፈልግ ደረቅ የሱፍ ካልሲና ፔርሙስ ሙሉ ትኩስ ሽሮ እይዛለሁ። እንጀራውን እማማ እጋግራለሁ ብለውኛል።